ዝናብና ብርድ አንድ ወቅት አይደሉም

የአንባቢያን የንግድ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰኔ ሲቃረብ ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች አብዛኛውን ጊዜ ግብርን የሚመለከቱ ናቸው። በዚህ ዕትም የመረጥናቸው አምስት ጥያቄዎች ግን ከመሐል አዲስ አበባ የተላኩና ሱቅን ከወቅቱ ጋር ስለ ማስማማት የሚጠይቁ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የላኪዎቹን ስም ትተን በሥራቸውና በሰፈራቸው ብቻ አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሌሎቹንም የሚነካ በመሆኑ መልሱ ረዝሟል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ የወንድና የሴት አልባሳት የምሸጥበት አነስተኛ ሱቅ አለኝ። ባለፈው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ «ክረምት መጣ» ብዬ ከመርካቶ ወፍራም ሹራብና ጃኬት በብዛት አስገባሁ። ሐምሌ ላይ ጥቂት ተሸጠ፤ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ጨርሶ ቆመ። ለእንቁጣጣሽ ዕቃ ቦታ እንዲለቅልኝ የቀረውን ከገዛሁበት ዋጋ በታች አጣራሁት። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ደንበኞች «ሹራብ የለም ወይ?» እያሉ ይመላለሱ ጀመር፤ እኔ ግን የምሰጣቸው አልነበረኝም። ዘንድሮ ምን ያህል ልግዛ? መቼስ ላውጣው?
ልብስ ነጋዴ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ እኅታችን፣ የገጠመዎት ነገር በመሐል ከተማ ባሉ ብዙ የልብስ ሱቆች በየዓመቱ ይደጋገማል፤ ነጋዴው ለዝናቡም ለብርዱም በአንድ ጊዜ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ ስለሚገዛ ነው። ሁለቱ ግን በተለያየ ጊዜ የሚመጡና የተለያየ ልብስ የሚጠይቁ ናቸው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ የሌሊቱን ብርድ የሚወስነው ከዝናቡ ይልቅ የሰማዩ መደፈንና መጥራት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት እንዳትለቅ ስለሚያግዳት፣ ቀኑ ጨፍጋጋና ቀዝቃዛ ቢሆንም ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሰማዩ ይጠራል፤ ቀን ፀሐዩ ይሞቃል፣ ማታ ግን ሙቀቱን የሚይዘው ደመና አይኖርም። ስለዚህም በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ሙቀት ወደ 7 እና 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንዳንድ ሌሊትም ከዚያ በታች ይወርዳል። የዓመቱ ብርዳም ማለዳዎች የሚመጡት ሰው ጃንጥላውን ከሰቀለ በኋላ ነው ማለት ነው፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም በሐምሌ አይደለም።

እንግዲህ በሐምሌ ከታክሲ ወርዶ ወደ ሱቅዎ የሚገባው ሰው የሚፈልገው ውኃ የሚከለክልለትን ነው፦ ጃንጥላ፣ ኮፍያ ያለው ስስ የዝናብ ጃኬት፣ ቶሎ የሚደርቅ ሱሪ፣ ውኃ የማያስገባ ጫማ፣ ደራርቦ የሚለዋውጠው ካልሲ። ወፍራም ሹራብ በዚህ ጊዜ ሸክም ነው፤ ከረጠበ ይከብዳል፣ ታጥቦ ቤት ውስጥ ከተሰጣም ቶሎ አይደርቅም። በጥቅምት የሚመጣው ደንበኛ ደግሞ ማለዳ 12 ሰዓት ከቤት ሲወጣ የሚለብሰውንና እኩለ ቀን ላይ አውልቆ ክንዱ ላይ የሚያደርገውን ይሻል። ከፊት የሚከፈት ሹራብ፣ ሻርፕ፣ ፎጣና ጋቢ፣ ለሕፃናት ሙሉ ቱታ የሚሸጡት ያን ጊዜ ነው። በጭንቅላት ተጠልቆ የሚለበስ ወፍራም ሹራብ እንኳ በቀን ሙቀት ለማውለቅ ስለማይመች ከፊት እንደሚከፈተው አይፈለግም።

ስለዚህ የሹራብ ግዥዎን ወደ ነሐሴ መጨረሻ ያዛውሩት፤ በግንቦት የሚገዙት የዝናቡን ዕቃ ብቻ ይሁን። የመጋቢትና የሚያዝያ የበልግ ዝናብ ለዚህ ጥሩ መሞከሪያ ይሆንልዎታል። የበልጉ ዝናብ የሚጠበቅ ባለመሆኑ ሰው ያለ ጃንጥላ ይወጣል፤ አሥር ያህል ጃንጥላ ባንኮኒው አጠገብ አቁመው የትኛው ዓይነት ቀድሞ እንደሚሄድ፣ ታጣፊው ነው ወይስ ረጅሙ፣ ጥቁሩ ነው ወይስ ባለ ቀለሙ የሚለውን አይተው ለሰኔ መግዛት ይችላሉ።

ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ገበያው የቆመብዎት ግን በአየሩ ምክንያት አይመስለንም፤ ዝናቡ ያን ጊዜም አላባራም። ገንዘቡ ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ የፍልሰታ ጾም ነው፤ ወላጅ የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ይከፍላል፣ ደብተር፣ ቦርሳና ዩኒፎርም ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ የእንቁጣጣሽ ዶሮና በግ ይጠብቀዋል። በዚህ መካከል ለራሱ ጃኬት የሚገዛ አባወራ ጥቂት ነው። ለልጁ የሚገዛ ግን ብዙ ነው። የሱቅዎ የፊት መደርደሪያ በነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ የሕፃናት ልብስ፣ ካልሲና በተለይም የዩኒፎርም ሹራብ ቢይዝ፣ ያው የትምህርት ቤት ገንዘብ በሱቅዎ በኩል ያልፋል። በአካባቢዎ ያሉ ትምህርት ቤቶች የሚያስለብሱትን የሹራብ ቀለም ቀድመው ይጠይቁ። የተረፈ የዩኒፎርም ሹራብ ደግሞ ብዙ አያሳስብም፤ ጥቅምት ላይ ልጁ የመጀመሪያውን ሹራብ ትምህርት ቤት ውስጥ ጥሎበት የመጣ ወላጅ ይወስደዋል።

በአጠቃላይ የልብስ ሱቅን ከአየሩ የበለጠ የሚያንቀሳቅሱት በዓላት ናቸው ብለን እናምናለን። መስከረም 1 እና መስከረም 17 ተከታትለው ይመጣሉ፤ ከዚያ እስከ ገናና ጥምቀት ባለው ጊዜ የበዓል ልብስ ያርፋል፣ ብርዱ ይሸጣል። ጥር «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለለት ወር ነው፤ ከጥምቀት በኋላም እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ የሠርግ ሰሞን ስለሆነ ሱፍ፣ ሸሚዝና የሚዜ ልብስ ይፈለጋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲሆን በዚያ ጊዜ ሠርግ ስለማይደገስ ይህ ገበያ ይዘጋና ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይከፈታል። እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ የሚዘነጋው የፋሲካ ቀን የሚንቀሳቀስ መሆኑን ነው፤ ከመጋቢት 26 ቀድሞ አይውልም፣ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም፤ በሁለቱ መካከል ግን ከአንድ ወር በላይ ልዩነት አለ። አምና በሚያዝያ መጨረሻ የተሸጠውን አይቶ ዘንድሮም በዚያው ቀን የሚጠብቅ ሰው በዓሉ አልፎት ሊያገኘው ይችላል። ኢድ አልፈጥርና አረፋ ደግሞ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚቀድሙ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ይሸጡት የነበረው የኢድ ልብስ ዛሬ በሌላ አየር የሚለበስ ይሆናል፤ የጨርቁን ውፍረት ሲመርጡ ይህን ያስቡ። አዲሱ ዓመት ሲገባ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት በአንድ ወረቀት ጽፈው ባንኮኒው ጀርባ ይለጥፉ፤ ከእያንዳንዱ በዓል አምስት ሳምንት ወደ ኋላ ቆጥረው ደግሞ የግዥውን ቀን ያስምሩ።

ምን ያህል ልግዛ ለሚለው፣ ሱቅዎን ስላላየን ቁጥር ልንሰጥዎ አንችልም፤ አገዛዙን ግን እንናገራለን። 60 ጃኬት እያንዳንዱን በ1,500 ብር ገዝተው በ2,200 ብር ሊሸጡ ቢያስቡ ያወጡት 90,000 ብር ነው። 40ው ተሸጦ 20ው ቢቀር የገባልዎት 88,000 ብር ነው፤ ትርፍዎ ሁሉ፣ ከዋናውም 2,000 ብር፣ ገና መስቀያው ላይ ነው፤ ኪራዩና የሠራተኛዋ ደመወዝ ደግሞ ከሌላ ዕቃ ተከፍሏል። በመጀመሪያ 30 ብቻ ገዝተው፣ በሰኔ መጨረሻ የትኛው ቁጥርና ቀለም እንደሄደ አይተው 15 ቢጨምሩስ? ሁለተኛው ግዥ በአንዱ ጃኬት ላይ 150 ብር ቢወደድብዎ እንኳ የጨመሩት 2,250 ብር ነው። በሃያ ያልተሸጡ ጃኬቶች ላይ ከታሰረ 30,000 ብር ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው። መርካቶ ከሱቅዎ የግማሽ ሰዓት መንገድ ሆኖ ሳለ የሦስት ወር ዕቃ በአንድ ቀን ተሸክሞ መምጣት ለክፍለ ሀገር ነጋዴ እንጂ ለፒያሳ ነጋዴ አይገባም።

እዚህ ላይ «ዕቃ ቢያድር ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም» የሚል መከራከሪያ እንደሚነሣ እናውቃለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ከተለወጠ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የወጣበትን ያየ ሁሉ ይህን ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሁሉም ዕቃ ማደርን አይችልም። ቀለሙ ጥቁር ወይም ደማቅ ሰማያዊ የሆነ፣ ስፌቱ የተለመደ ጃኬት ቢያድር አይጎዳም፤ ጽሑፍ ያለበትና የዓመቱ ፋሽን የሆነው ግን በሚቀጥለው ሰኔ የሚፈልገው አያገኝም። ጃንጥላ ከነርጥበቱ ከታጠፈ ሽቦው ይዝጋል። ሶሉ ከፖሊዩሬቴን የተሠራ ጫማ ደግሞ ሳይለበስም ቢሆን በርጥበት ውስጥ ለዓመታት ሲቀመጥ እየተፈረፈረ ይሄዳል። ስለዚህ ከወቅቱ የተረፈውን ሁሉ በአንድ ላይ ከማጣራት ሁለት ቦታ ይክፈሉት፤ ማደር የሚችለውን አጽድተው በካርቶን ያስቀምጡ፣ ማደር የማይችለውን ግን ወቅቱ ሳያልፍ፣ ዝናቡ ገና እየዘነበ ሳለ በነሐሴ መጀመሪያ ዋጋውን ይቀንሱለት። በመስከረም 40 በመቶ ቀንሰው የማይሸጡትን የዝናብ ጃኬት በነሐሴ መጀመሪያ በ15 በመቶ ቅናሽ የሚወስድ ሰው አለ፤ ገና አንድ ወር ይለብሰዋልና።

ሙሉ ሱቁን በየወቅቱ መለወጥ ግን አንመክርም። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ የውስጥ ልብስና ካልሲ ዓመቱን ሙሉ ስለሚሸጡ ቦታቸውን ሳይለቁ ይኑሩ፤ ደንበኛ የሚያውቀውን ዕቃ ሁልጊዜ በሚያውቀው ቦታ ሲያገኝ ይመለሳል። የወቅቱን ዕቃ ከበሩ ግራና ቀኝ ያለው ቦታ፣ ማለትም ከሱቁ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ይበቃዋል። በመጨረሻም አንድ ደብተር ባንኮኒው ላይ ይኑር፤ ሠራተኛዋ «የለም» ብላ የሸኘችውን ሁሉ ዕቃውን፣ ቁጥሩንና ቀኑን ትጻፍበት። ባለፈው ጥቅምት ሹራብ ፈልገው የተመለሱት ደንበኞች በዚያ ደብተር ላይ ቢመዘገቡ ኖሮ የዘንድሮውን ግዥ እኛን ሳይጠይቁ ይወስኑት ነበር።

ጥያቄ፦ ቸርችል ጎዳና ላይ የቆዳ ጫማና ቦርሳ እሸጣለሁ። ሱቁ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። በየክረምቱ ከኋላ ክፍል የማስቀምጠው ዕቃ ነጭ ሻጋታ ያወጣል። ናፍታሊን አደረግሁበት፤ ሽታው ደንበኛ ከማባረሩ በቀር ለውጥ አላመጣም። ምን ላድርግ?
የቆዳ ውጤቶች ነጋዴ፣ ከቸርችል ጎዳና

መልስ፦ ወንድማችን፣ ናፍታሊን የሚያርቀው ብልን እንጂ ሻጋታን አይደለም። ሻጋታ የሚፈልገው ርጥበት፣ የታፈነ አየርና የሚበላው ነገር ነው፤ ቆዳ፣ ማጣበቂያና የካርቶን ሣጥን ሦስቱም ምግቡ ናቸው። የክፍሉ አየር ርጥበት ከ65 በመቶ ከዘለቀና እንደዚያው ከቆየ ሻጋታው መውጣቱ አይቀርም፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ በአሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ከዚያ በታች ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ርጥበት መለኪያ የምትባለው ትንሽ መሣሪያ ውድ አይደለችምና አንዷን የኋላ ክፍል ውስጥ ይስቀሉ፤ መቼ መጨነቅ እንዳለብዎት ትነግርዎታለች።

ከሁሉ በፊት ዕቃውን ከግድግዳና ከወለል ያላቅቁት። መደርደሪያው ከግድግዳው አንድ ጋት ይራቅ፤ ወለሉ ላይ ያለው ሣጥን በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ። አሮጌ የድንጋይ ግድግዳ ከሥሩ ውኃ ስለሚስብ ጫማውን የሚያረጥበው ከጣሪያ የሚወርደው ሳይሆን ከመሬት የሚወጣው ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለማወቅ አንድ የፕላስቲክ ቁራጭ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው ለሁለት ቀን ይተዉት። ከፕላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ጤዛ ከያዘ ርጥበቱ ከግድግዳው ነው፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ የአከራይዎም ጭምር ነው።

ቀጥሎ አየሩን ያንቀሳቅሱት። በክረምትም ቢሆን ዝናብ በሌለበት ማለዳ ፀሐይ ብቅ ትላለች፤ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ የፊቱንና የኋላውን በር ከፍተው አንድ ቬንቲሌተር ወደ ውጭ አዙረው ያስነሡ። ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ የኋላውን ይዝጉ፤ ርጥብ አየር ማስገባት አይጠቅምም። ቦርሳዎችን በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ከአቧራ ያድናል እንጂ በዚህ ወቅት ርጥበቱን አብሮ ያፍናል፤ በላስቲኩ ፋንታ አቡጀዲ ይጠቀሙ። ከጫማዎቹ ጋር በሣጥን የሚመጡትን የሲሊካ ከረጢቶች አይጣሉ፤ ነገር ግን እነሱም ሲጠግቡ መሥራት ያቆማሉ።

ሻጋታ የወጣበትን ጫማ ከሱቁ ውጭ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ፤ ውስጥ ከጠረጉት ብናኙ በሌሎቹ ላይ ያርፋል። ከዚያ አልኮልና ውኃ እኩል ቀላቅለው፣ በጨርቅ ቆንጥረው፣ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክረው ቀለሙን ካልለቀቀ ይወልውሉት። በጥላ ይድረቅ እንጂ ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ አያስቀምጡት፤ ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከደረቀ በኋላ ክሬም ይቀቡት። ጨርቅ ገበር ያለው ቦርሳ ገበሩ ከሻገተ ግን ሽታው ስለማይለቅ፣ ለደንበኛ ባይሸጡት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሱቄ ካዛንቺስ ነው፤ የመስታወት ማሳያዬ ፊቱ ወደ ደቡብ ነው። በክረምት ደህና የነበረው ልብስ ከጥቅምት በኋላ ቀለሙ ይለቃል። ጨርቁ ነው ወይስ ፀሐዩ?
የቡቲክ ባለቤት፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ ፀሐዩ ነው፤ ለዚያውም ደመናው ስለተገለጠ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ያዘነብላል፤ በተቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ያዘነብላል። በታኅሣሥ ከሁሉ ይልቅ ዝቅ ስለሚል፣ ወደ ደቡብ በሚያይ መስታወት ጨረሩ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ፊቱ ወደ ሰሜን የሆነ ጎረቤትዎ ይህ ችግር በጥቅምት የለበትም። በምሥራቅና በምዕራብ ያሉት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ጥዋት ወይም ከሰዓት ያገኛቸዋል።

ከመስከረም እስከ መጋቢት ማሳያው ላይ ነጭ፣ ወተትማና ባልተነከረ ጥጥ የተሠሩ ልብሶችን ይስቀሉ፤ ቀይ፣ ሐምራዊና ጥቁር ሰማያዊ ወደ ውስጥ ይግቡ። አሻንጉሊቶቹ የለበሱትን በየሳምንቱ ይቀይሩ። መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ ጨረር የሚያጣራ ፕላስቲክም አለ፤ ቀለም መልቀቁን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ማሳያ ላይ የነበረውን ልብስ ለደንበኛ ሲሸጡ ደግሞ የትከሻውን ቀለም ከብብቱ ጋር ያስተያዩ፤ ደንበኛዋ ቤቷ ሄዳ ከምታየው እርስዎ ቀድመው ቢያዩት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ዋናው መንገድ ዳር የስጦታ ዕቃ ሱቅ አለኝ። የእግረኛ መንገዱ በኮሪደር ልማቱ ከታደሰ ወዲህ በር ላይ ሸራ መወጠር ቀርቷል። ዝናብ ሲጥል ሰው በሬ ላይ ተሰብስቦ ይቆማል፣ መግቢያው ይዘጋል፣ የሴራሚክ ወለሉ ይርሳል፣ ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ወድቀው ነበር። ሰዉን በትሕትና እንዴት ልከላከለው?
የስጦታ ዕቃ ነጋዴ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ አይከላከሉት፤ ያስገቡት። ማስታወቂያ ከፍለው የማያገኙት ሰው በራሱ እግር በርዎ ላይ መጥቶ 20 ደቂቃ ቆሟል፤ የሚያየው ደግሞ የሚፈስሰውን ውኃና የእርስዎን ዕቃ ነው። በሐምሌ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በፒያሳ በረንዳዎች የሚጠለለውን ሰው ልብ ብለው ያስተውሉ፤ መጀመሪያ ጀርባውን ለሱቁ ሰጥቶ ሰማዩን ያያል፤ ዝናቡ እንደማያባራ ሲገባው ስልኩን ያወጣል፤ ከዚያ ዞር ብሎ መስታወቱን ማየት ይጀምራል። ያን ጊዜ ከውስጥ «ይግቡ፣ ይጠለሉ» የሚል ሰው ካለ ግማሹ ይገባል። ከገቡት ብዙዎቹ ምንም አይገዙም፤ ሱቁን ግን ያውቁታል፤ ልደት ወይም ምርቃት ሲመጣባቸው ይመለሳሉ።

ለዚህ ግን መግቢያው መሰናዳት አለበት። ከበሩ ውስጥ ያለውን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቦታ ከዕቃ ነፃ ያድርጉት። ውኃ የሚመጥ ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉበት፤ አንድ ብቻ ከሆነ በአንድ ከሰዓት ጠግቦ ራሱ ያንሸራትታል፣ ስለዚህ ሁለት ይኑርዎትና ያፈራርቁ። ካርቶን ማንጠፍ የተለመደ ቢሆንም ሲረጥብ ይንሸራተታል፤ ለወደቁት እናት ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ስለሚችል ይተዉት። ለጃንጥላ ከበሩ ጎን አንድ ረጅም ባልዲ ይቀመጥ፤ እርጥብ ጃንጥላ በካርዶችና በወረቀት ዕቃዎች መካከል ሲያልፍ የሚያጠፋው ከባልዲው ዋጋ ይበልጣል። የወረቀት ዕቃዎችን፣ መጠቅለያውንም ጨምሮ፣ ከበሩ አርቀው ከወገብ በላይ ያስቀምጧቸው፤ በዚያ ፋንታ ጃንጥላ፣ ቴርሞስና ኩባያ ወደ ፊት ይምጡ። ወለሉን ሲወለውሉ ውኃውን ወደ እግረኛ መንገዱ አይጥረጉት፤ በመወልወያ ጨምቀው በባልዲ ቢያስወግዱት ከደንብ አስከባሪ ጋር ከመነታረክ ያድንዎታል።

ከበሩ በላይ መከለያ መሥራት ከፈለጉ ወደ እግረኛ መንገዱ የሚወጣውን ማንኛውንም ነገር ከማሠራትዎ በፊት ወረዳውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ፈቃዱ በቃል ከሆነ አይቀበሉ። ሌላው ሰዓት ነው። በክረምት ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲቆም ተጠልሎ የቆየው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። በዚያ ሰዓት ሱቅዎን የሚዘጉ ከሆነ ማለዳ አንድ ሰዓት ዘግይተው ከፍተው ማታ አንድ ሰዓት ቢቆዩ ይሻላል። መብራት ቢጠፋ ማሳያው ጨልሞ እንዳይቀር በባትሪ የሚሠራ አምፖል ለመስታወቱ ብቻ ያዘጋጁ።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለኝ። በሐምሌ ገበያ ስለሌለ በዚያ ወር ዘግቼ ጣሪያውን ላሳድስና ቀለም ላስቀባ አስባለሁ። ልጆቼ «አሁን ጊዜው አይደለም» ይላሉ። እናንተስ?
የመጻሕፍትና ጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ አባታችን፣ ልጆችዎ ልክ ናቸው። ጣሪያ በሐምሌ ከተከፈተ ወረቀት ለዝናብ ይጋለጣል፤ የግድግዳ ቀለምም በርጥብ አየር ቶሎ ስለማይደርቅ ይነጥባል፣ ይላላጣል። ጣሪያው እስከ ግንቦት መጨረሻ ይጠገን፤ አሸንዳውን በዚያው ያስጠርጉ። ቀለሙ ጥቅምት ላይ ይሁን፤ የመስከረም ግርግር ካለፈ በኋላ ገበያዎም ይቀዘቅዛል፣ አየሩም ደረቅ ነው።

ሐምሌን ግን አይዝጉት፤ ለቆጠራ ይጠቀሙበት። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ የግብር ማሳወቂያው ጊዜ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ በዚያ ሰሞን የተቆጠረ ዕቃ ለሒሳብዎም ለግዥዎም ያገለግላል። ሲቆጥሩ የነተበውንና ጠርዙ ያረጀውን ደብተር ለይተው በደርዘን አስረው በቅናሽ ያውጡት፤ በክረምት ትምህርት ለሚያስተምሩና ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስጠኑ ሰዎች ይሆናል። አዲሱን ደብተር ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ያስገቡ፤ መጀመሪያ የሚያስገቡት ባለ 50 ቅጠሉን ይሁን፤ የታችኛው መደርደሪያ ግን እስከ መስከረም ባዶውን ይቆይ፤ ጎርፍ ቢገባ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው።